ባሕር ዳር ተማሪ ከተማ ትሁን ሲባል፦ ነዋሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ቡና ላይ፣ ዕድር ላይና ባጃጅ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ባወራሁ ቁጥር የሚነሱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

ተማሪ ከተማ ምን ማለት ነው?

ሕፃን አዋቂ፣ ሀብታም ድሃ ሳይባል ነዋሪው ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ የሚማርበት ቦታና ጊዜ የሚያገኝባት ከተማ ማለት ነው። መማር ሲባል ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ፣ ሥራ ቦታ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ጋራዥ፣ ጤና ጣቢያ፣ ሰፈር ውስጥ የሚገኘው ዕውቀት ሁሉ ይቆጠራል። አስተዳደሩ ውሃና መንገድ እንደሚያቅድ ሁሉ መማርንም ያቅዳል፤ በጀትም ይይዝለታል።

ሐሳቡን በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው ዩኔስኮ ነው። ሥራው የሚመራው ጀርመን፣ ሃምቡርግ ከሚገኘው የዕድሜ ልክ ትምህርት ተቋሙ ነው። የመጀመሪያው የተማሪ ከተሞች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2013 ቤጂንግ ላይ ተካሄደ። እዚያ የወጣው መግለጫ ከከተሞች ስድስት ነገር ይጠብቃል፦ ከታች እስከ ዩኒቨርሲቲ ማንንም የማያገል ትምህርት፣ በቤተሰብና በሰፈር መማማር፣ ሥራ ላይ መማር፣ የዘመኑን ቴክኖሎጂ ለመማር መጠቀም፣ የትምህርት ጥራት፣ ዕድሜ ልክ የመማር ባህል።

ዩኒቨርሲቲ አለን፣ ኮሌጅ ሞልቷል። ታዲያ ባሕር ዳር ተማሪ ከተማ አይደለችም እንዴ?

የተማሪዎች ከተማ ናት። ተማሪ ከተማ መሆን ግን ሌላ ነው።

ፖሊ የምንለው የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ተከፈተ። ፔዳ፣ ማለትም መምህራን የሚሠለጥኑበት የፔዳጎጂ አካዳሚ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ተከተለ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ተዋህደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ዛሬ ዘንዘልማ ግቢ አለ፣ ይባብ ግቢ አለ፣ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አለ። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ተማሪው ግን ከየአገሩ ይመጣል፣ ይመረቃል፣ ይሄዳል። የከተማው ሰው ቤት ያከራየዋል፣ ምግብ ይሸጥለታል፣ በምረቃው ቀን ፎቶ ያነሳዋል። አንድ ኮሌጅ በር ላይ ለዓመታት ፎቶ ኮፒ የምትሠራ ጎረቤት አለችኝ። በእጇ ያለፈው የመማሪያ ወረቀት መኪና ይሞላል። «ውስጥ ለእኔ የሚሆን ኮርስ ይኖር ይሆን?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። የነገራትም የለም።

ባሕር ዳር ከዩኔስኮ ተሸልማለች ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን ሦስት ነገሮች ይደባለቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ያገኘችው የሰላም ከተሞች ሽልማት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሰኔ ላይ የተመዘገበው ደግሞ የጣና ሐይቅ ባዮስፌር ክልል ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሜክሲኮ ሲቲ በተካሄደው ሁለተኛው ጉባኤ የተማሪ ከተማ ሽልማት ተሰጣት። ሽልማቱ ሲሰጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። 12 ከተሞች አገኙት፤ ቤጂንግ፣ ሜክሲኮ ሲቲ፣ አማን፣ የአየርላንዷ ኮርክና የዌልሷ ስዋንሲ አሉበት። ከአፍሪካ ባሕር ዳር ብቻዋን ነበረች።

ይህን ስነግራቸው ብዙዎቹ ጎረቤቶቼ ይገረማሉ። ሽልማቱ ዓመታት አልፈውታል፤ የሰፈሬ ሰው ግን አልሰማም። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ከተማዋ የተሸለመችው ስለ ነዋሪው መማር ከሆነ፣ መጀመሪያ ማወቅ የነበረበት ነዋሪው ነው።

ነዋሪው ራሱ ምን ይላል?

አንድ ዓይነት ነገር አይልም። ወጣቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወረቀት ይሰጣል ወይ?» ብሎ ነው። ያለ ወረቀት ማን ይቀጥረዋል? ጉልት የምትቸረችረው ሴት ሰዓቱን ትጠይቃለች። እሷ ከንጋት እስከ ምሽት ገበያ ናት፤ ሥልጠና የሚጠራው ግን ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ወጣት እናቶች ልጅ የሚይዝላቸው ሰው ይፈልጋሉ። መሸንቲና ጢስ ዓባይ በኩል ያለ ሰው ትራንስፖርቱን ያነሳል። ትልልቆቹ ሰዎች ደግሞ ይጠራጠራሉ። «ስንት ዘመቻ አየን፣ ስንት ታፔላ ተተከለ» ይላሉ። ጥርጣሬያቸው ከኑሮ የመጣ ስለሆነ አልነቅፈውም።

አንድ ነገር ግን ከማንም አልሰማሁም። «መማር አልፈልግም» ያለኝ ሰው የለም። የሚነሳው ሁሉ የሰዓት፣ የርቀት፣ የልጅ፣ የገንዘብና የአክብሮት ጉዳይ ነው። አክብሮት ያልኩት በምክንያት ነው። በዕድራችን ያለ አንድ አናጢ እንዲህ አለኝ፦ «ሥልጠና ብለው ይጠሩኝና እንደ ሕፃን ያናግሩኛል። 30 ዓመት ሙሉ ከእንጨት ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ‘አንተስ ምን ታውቃለህ?’ ያለኝ የለም።» ለዚህ ሰው አሥር አዳራሽ ቢሠራለት አይመጣም።

50 ዓመት አልፎኛል፣ ፊደል አልቆጠርኩም። አሁን ተምሬ ምን አደርጋለሁ?

መጀመሪያ ስልክዎን ያስቡ። ቴሌብር ከመጣ ወዲህ የብዙ ሰው ገንዘብ ስልኩ ውስጥ ነው። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ሚስጥር ቁጥራቸውን ለባለ ሱቅ ልጅ ጮክ ብለው ሲነግሩ ስንቴ አይቻለሁ። ልጁ ታማኝ ከሆነ እሰየው። ካልሆነስ? የመድኃኒቱ ወረቀት፣ የመብራቱ ሒሳብ፣ ‘እዚህ ጋ ፈርሚ’ የሚባለው ውልም እንዲሁ ነው። ተግባር ተኮር የሚባለው የጎልማሶች ትምህርት ፊደሉን ከቁጠባ፣ ከጤናና ከገበያ ጋር አያይዞ የሚያስተምረው ለዚህ ነው።

አገራችን ይህን አድርጋ ታውቃለች። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። ዘመኑ ክፉ ነበር። ቢሆንም አክስቴ በአውራ ጣቷ መፈረም ያቆመችው ያኔ ነው። እስክታርፍ ድረስ ስሟን በጻፈች ቁጥር ፊቷ ይበራ ነበር። ዘመቻው ሲያልቅ ግን በሰፈሩ የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ አብረዋት የተማሩ ጎረቤቶቿ ያወቁትን ረሱት። ስለዚህ የጎልማሶች ክፍል በተከፈተ ቁጥር አጠገቡ ጋዜጣና ቀለል ያሉ መጻሕፍት ያሉበት መደርደሪያ ይኑር እላለሁ።

ልጄ 12ኛ ክፍል አላለፈም። ለእሱ የሚሆን ነገር አለ?

መኖር አለበት። ብሔራዊ ፈተናውን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ናቸው። ከ100 ልጅ 95 ሲቀር «ሰነፍ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። የተወሰኑት ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ይገባሉ። የቀሩት የእኛው ልጆች ናቸው፤ ከተማችን ውስጥ ነው ያሉት።

ቴክኒክና ሙያ አንዱ መንገድ ነው። ሌላም አለ። ጋራዥ፣ ብየዳ ቤት፣ ልብስ ስፌት ወይም ሆቴል ውስጥ ሠርቶ ሙያ የለመደ ልጅ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትኖ የብቃት ማረጋገጫ ሊይዝ ይችላል። ይህን የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነው። ልጁ ሦስት ዓመት ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ «ወረቀት የለህም» ይባላል። የቀበሌ ሠራተኛ ጋራዥ ለጋራዥ እየዞረ ይህን ብቻ ቢነግር ብዙ ልጅ ይተርፋል።

የኔታ ዘንድ መማር፣ ታንኳ መሥራት፣ አሳ ማጥመድ፣ እነዚህም ትምህርት ይባላሉ?

ይባላሉ። እንዲያውም ለጣና ዳር ሰው የጉዳዩ ልብ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የጣና ደሴቶችና የዘጌ ገዳማት ፖሊም ፔዳም ሳይታሰቡ በፊት የመማሪያና የብራና መጻሕፍት ቦታ ነበሩ። የቆሎ ተማሪ ከፊደል ተነስቶ ንባብ፣ ዳዊት፣ ዜማ፣ ቅኔ እያለ ይወጣል። ቅኔ ቤትን አስቡት። ተማሪው አዲስ ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ያቀርባል፣ መምህሩ ያርመዋል። ቀደም ያለው ተማሪ ደግሞ ታናሹን ያስቀጽላል። ቁርአን ቤትም ታላቁ ታናሹን እየረዳ ነው የሚኬደው። ‘እርስ በርስ መማማር’ ብለው ዛሬ ሥልጠና የሚሰጡበት ነገር በየደጃችን ነበር።

ታንኳውን ውሰዱ። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል። ምን ያህል መድረቅ እንዳለበት፣ እንዴት ቢታሰር ጭነት እንደሚችል ልጅ ከአባቱ እጅ እያየ ነው የሚለምደው። ይህን ዕውቀት ይዘው የኖሩት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። እነሱ ግን እዚሁ ሐይቅ ዳር ተንቀውና ተገልለው ኖረዋል። ደንገሉም ከከተማው ዳርቻ እየሳሳ ነው። እነዚህን ሰዎች «ኑ እናስተምራችሁ» ብሎ ብቻ መጥራት ስህተት ነው። መምህር ሆነው፣ ተከፍሏቸው፣ ትምህርት ቤት ልጆች ፊት መቆም አለባቸው። አሳ አጥማጁም እንደዚያው ነው። ነጭ አሳ የምንላቸው የጣና ዝርያዎች አብዛኞቹ ሌላ ሐይቅ ላይ አይገኙም። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ እንቁላል ሊጥሉ እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ሰሞን ወንዙ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት የከርሞውን አሳ መጨረስ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ለዓመታት አጥንተዋል፤ የጻፉት ግን በእንግሊዝኛ ነው። አጥማጁ ደግሞ አሳው መቼና በየት እንደሚያልፍ በዓይኑ ያውቃል፤ የሚጠይቀው የለም። ሁለቱ ሰዎች የሚኖሩት አንድ ከተማ ውስጥ ነው! እምቦጭም እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ በኋላ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል የከረመው የሐይቁ ዳር ገበሬ ነው። ነፋስ አረሙን ወዴት እንደሚገፋው ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? እነዚህ ሰዎች በወር አንድ ቀን ዋርካ ሥር ቢቀመጡ ብዬ ሳስብ እጓጓለሁ።

ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ። ቤተ መጻሕፍት ለምን ያስፈልጋል?

ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ትምህርቱን ሁሉ ቴሌግራም ላይ ያስቀመጠ ልጅ ያኔ ባዶ እጁን ቀረ። መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ሌላው የቦታ ጉዳይ ነው። ስድስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች ሰፈራችን ውስጥ አሉ። ለእነሱ ቤተ መጻሕፍት ማለት ጠረጴዛ፣ አምፖልና ጸጥታ ማለት ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የዩኔስኮ የተማሪ ከተሞች መረብ አባል መሆን ልምድ እንጂ በጀት አያመጣም። ስለዚህ ያለንን እንቁጠር። በየሰፈሩ ያለው ትምህርት ቤት አመሻሽ ላይ ይዘጋል። ወንበሩ አለ፣ ጥቁር ሰሌዳው አለ፣ ሽንት ቤቱ አለ። በሳምንት ሦስት ምሽት ለመክፈት የጥበቃ አበል፣ የመብራትና የመምህር ክፍያ ነው የሚያስፈልገው። የመምህሩ ክፍያ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። ቀን ሙሉ ያስተማረን ሰው «ለአገር ብለህ ማታም በነፃ አስተምር» ማለት አይገባም።

ኮርክ በነዋሪ ብዛት ከእኛ አትበልጥም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በየዓመቱ የመማር ፌስቲቫል ታደርጋለች። ሰው በነፃ ገብቶ ያያል፣ ይሞክራል፣ ይማራል። ብዙው ነገር የሚካሄደው ቀድሞ ባለ አዳራሽና የሥራ ቦታ ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ፖሊ ወርክሾፑን፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል መድረኩን፣ የአሳ ምርምር ማዕከሉ ቤተ ሙከራውን ለሁለት ቀን ለሕዝብ ቢከፍቱ ወጪው ምን ያህል ይሆናል? የሰፈሬ ልጆች ግን የዓመቱን ወሬ ያገኛሉ።

ተምሮ ሥራ ካልተገኘ ትርፉ ምንድን ነው?

ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ባጃጅ በሚነዳ ልጅ ፊት ይህን ጥያቄ ማቃለል ነውር ነው። መማር ብቻውን ሥራ አይፈጥርም። ካፒታል፣ መሬትና ገበያም ይፈልጋል። ተማሪ ከተማ ሲባል ሁሉም ሰው ይቀጠራል የሚል ሰው ካለ አትመኑት።

ነገር ግን ሥራና ትምህርት እኛ ዘንድ ከልክ በላይ ተራርቀዋል። ይህችን ከተማ ካሳደጓት ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1961 ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተቋቋመው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ከገጠር የመጣ ሰው ማሽን የለመደው እዚያው ማሽኑ ሥር ቆሞ ነው። ዛሬ ማስታወቂያው ሁሉ «የሁለት ዓመት ልምድ» ይላል። ልምዱ ከየት ይምጣ? ሐይቁ ዳር ያሉ ሆቴሎችና ሕንፃ ተቋራጮች በየዓመቱ ጥቂት ወጣቶችን እየከፈሉ ቢያለማምዱ፣ አስተዳደሩም ለእነዚህ ቅድሚያ ቢሰጥ ብዙ ነገር ይቀላል።

ሰላም ሳይኖር ስለ ተማሪ ከተማ ማውራት ቅንጦት አይደለም?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ሰዎች ተቆጥተው ነው የሚጠይቁት፤ ቁጣቸው ይገባኛል። በግጭቱ ምክንያት በክልሉ ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ከየወረዳው ተፈናቅሎ ባሕር ዳር የገባ ቤተሰብ አለ። ከቤት መውጣት በሚያስፈራበት ምሽት የማታ ክፍል አይታሰብም። ተማሪ ከተማ የሚለው ነገር ሰላም ያመጣል አልልም። አያመጣም።

ግን እስቲ ይህን ልጅ አስቡት። ሁለት ዓመት ትምህርት አምልጦታል። ካርዱ ተቃጥሏል ወይም ጠፍቷል። ዕድሜው 14 ነው፤ ከ12 ዓመት ልጆች ጋር መቀመጥ ያፍራል። ሰላም ወርዶ ሁሉ ነገር እስኪስተካከል ብንል እሱ 20 ይሞላዋል። ለእሱ የሚሆን የተፋጠነ ክፍል፣ ሰነድ ሳይጠየቅ ፈትኖ የሚመድብ ትምህርት ቤት፣ ፍርሃቱን የሚረዳ መምህር አሁን ነው የሚያስፈልገው። እኔ ይህን ቅንጦት ማለት አልችልም።

ተማሪ ከተማ መሆናችንን በምን እናውቃለን?

አባል ከተሞች በየሁለት ዓመቱ ለዩኔስኮ ሪፖርት ያቀርባሉ። «ይህን ያህል ሺህ ሰው ሠለጠነ» የሚል ወረቀት ግን ብዙ አይነግረኝም። እኔ የምቆጥረው ሌላ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ስንት የትምህርት ቤት በር ክፍት ነው? የጎልማሶች ክፍል ከጀመሩት ሴቶች ስንቱ ጨረሱ? ያቋረጡትን ምክንያታቸውን ማን ጠየቃቸው? ከዘጌና ከጢስ ዓባይ ስንት ሰው መጣ? ስንት የጋራዥ ልጅ ሲኦሲ ወሰደ? ስንት ባለ ታንኳ መምህር ሆኖ ተከፈለው?

መልሱ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ በአማርኛ ይለጠፍ። ነዋሪው እያየ «ይሄ ውሸት ነው» ወይም «ይሄ እውነት ነው» ማለት ይችላል። ከዚህ የተሻለ ተቆጣጣሪ አላውቅም።

እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ? ከየት ልጀምር?

ከዕድር። እኛ ሰፈር የወር ስብሰባው ሲያልቅ ሰዉ ከመበተኑ በፊት ግማሽ ሰዓት እንቀመጣለን። አንድ ሰው የሚያውቀውን ያካፍላል። ጡረታ የወጡ ነርስ ስለ ደም ግፊት ነገሩን፤ በማግስቱ ሦስት ሰው ጤና ጣቢያ ሄደ። አንድ ወጣት የቴሌብር አጭበርባሪዎች እንዴት እንደሚደውሉ እያስመሰለ አሳየን። ገንዘብ አልወጣም፣ የተጋበዘ ባለሥልጣንም የለም። የዕድር ዳኛችሁን አንድ ጊዜ አናግሯቸው፤ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

በሚቀጥለው ወር ተራው የአናጢው ነው። ስለ እንጨት እንዲነግረን ስንጠይቀው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ከዋንዛ ነው ወይስ ከባሕር ዛፍ የምጀምረው?» አለን።